የአንባቢያን ጥያቄ፦ አሸዋው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ባለፈው ወር አሸዋ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየው መቼ እንደሆነ ስለሚያሳውቀው ዘዴ፣ ስለ ሉሚነሰንስ፣ ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁት ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ኳርትዝና ፌልድስፓር (ሁለት የአሸዋ ማዕድናት) በዙሪያው ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም፣ ትንሽም ከጠፈር፣ በየዓመቱ ጨረር ይቀበላል። የጨረሩ ጉልበት ክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ጉድለቶች ኤሌክትሮኖችን እያጠመደ ይጠራቀማል። ፀሐይ ወይም ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ይራገፍና ከዜሮ ይጀምራል። ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ብርሃን ሲያበሩበት ደግሞ የተጠመደው ይለቀቃል፣ ቅንጣቱም በጣም ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። ከዚያ ብርሃን የተጠራቀመው ጨረር ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል። እሱን በዓመት ለሚገባው ጨረር ማካፈል ነው፣ ዕድሜው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው። አብዛኛው ስለ ማሽኑ ነበር። እኔ ግን ማሽኑን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ስለ ናሙና ዝግጅት የጠየቃችሁትን ነው የመረጥኩት። ማሽኑ የሰጡትን ይለካል፤ የተሰጠው ነገር ትክክል ካልሆነ ያሻውን ያህል ውድ ቢሆን አያድንም።

ጥያቄ፦ ናሙናው የሚዘጋጀው ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ነው ይባላል። ለምን ቀይ? ስልኬን ይዤ ብገባስ ምን ችግር አለው? (የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ጎንደር)

ስልክህን በር ላይ ተወው ወንድሜ። ኳርትዝ ደማቅ ፀሐይ ላይ ቢወጣ 10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከያዘው ሲግናል (ከተጠራቀመው የሚወጣው ብርሃን) 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ፌልድስፓር ትንሽ ይታገሳል፣ ወደ 9 ደቂቃ ይፈልጋል። የስልክ ስክሪን ፀሐይ አይደለም፣ ግን ሰማያዊ ብርሃን ሞልቶታል፣ ኳርትዝ ደግሞ የሚጠላው እሱኑ ነው።

ኤሌክትሮኑን ከተጠመደበት የሚያስወጣው የብርሃኑ ጉልበት ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ በቂ ጉልበት አላቸው፣ ቀይ የለውም። ታዲያ ብርቱካናማ መብራት የሚጠቀሙ ላቦች ለምን ኖሩ ካልክ ምክንያቱ ፌልድስፓር ነው። ፌልድስፓር ከቀይ ወዲያ ባለው በኢንፍራሬድ ይነቃል፣ ስለዚህ በጣም የቀላ መብራት ለእሱ አይስማማውም። ሁለቱንም ማዕድን የሚሠራ ላብ 590 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርቱካናማ ብርሃን ይመርጣል። ያም ደብዘዝ ብሎ፣ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጣሪያ ዞሮ ነው። ናሙናው ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ይሸፈናል። መጀመሪያ ስትገባ ምንም አይታይህም፣ ቆም ብለህ ዓይንህን አስለምድ፤ ቢከር (የላብ ኩባያ) የሚገለበጠው በዚያች ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ስለሚረሱት። ናሙናው የሚመጣው በቁፋሮው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ በመዶሻ በተመታ ቱቦ ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች ሜዳ ላይ ብርሃን አይተዋል። ከየጫፉ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ትቆርጣለህ፣ ለዕድሜ የሚሆነው መሐሉ ብቻ ነው። የቆረጥከውን ግን እንዳትጥል! የዩራኒየሙ፣ የቶሪየሙና የፖታሲየሙ መጠን የሚለካው ከእሱ ነው። ከማድረቅህም በፊት መዝነው፣ 50 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድርቀህ ደግመህ መዝነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ጨረሩን ይውጣል። ደረቅ ነው ብለህ ካሰላህ የዓመቱ ጨረር ከእውነቱ በላይ ይሆንብህና ናሙናው ያለ ዕድሜው ልጅ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አንድ እፍኝ አሸዋ ለማጽዳት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል ሲባል ሰማሁ። ያን ሁሉ አሲድ ምን አስፈለገው? አጥቦ መለካት አይበቃም ወይ? (የኬሚስትሪ መምህር፣ ደሴ)

አይበቃም መምህር። ለርስዎ ዓይነቱ ሰው ዝርዝሩ ስለማይሰለች ትንሽ ልዘርዝረው።

መጀመሪያ የሚገባው 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ካርቦኔቱን ይበላዋል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ቅንጣቶቹን ያጣበቀው ኖራ፣ ሁሉም አረፋ እየሆነ ይሄዳል። አረፋው እስኪቆም አሲድ መጨመር ነው። ከዚያ በደንብ አጥቦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ለሥርና ለብስባሹ። እዚህ ላይ ችኮላ አያዋጣም። ማንጋኒዝ ያለበት አፈር ከሆነ ፐርኦክሳይዱ ድንገት ይፈላና ከቢከሩ ይወጣል፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ሌሊቱንም ሳይከድኑ አሳድሮ ማየት ነው የሚሻለው። ሸክላ አፈሩ ታጥቦ ይወጣል፣ የቀረው በወንፊት ይለያል። ከ90 እስከ 125 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ)፣ ወይም ከ180 እስከ 250፣ እንደ ናሙናው። መጠኑ የሚጠበበው ለውበት አይደለም። ጨረር ቅንጣቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ የሚሰላው በቅንጣቱ ስፋት ስለሆነ ነው።

አሁን እጅዎ ላይ ያለው ንጹህ አሸዋ ነው፣ ግን ድብልቅ ነው። ኳርትዝ አለ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ፌልድስፓር አለ፣ ዚርኮን የመሳሰሉ ከባድ ማዕድናት አሉ። ይህን የሚለየው ሶዲየም ፖሊታንግስቴት የሚባል ከባድ ፈሳሽ ነው። ምስር ሲታጠብ ገለባው ተንሳፍፎ ጠጠሩ ከታች እንደሚቀረው ሁሉ፣ እዚህም የሚንሳፈፈውና የሚሰጥመው በክብደቱ ይለያል። የኳርትዝ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.65 ግራም ነው። ፈሳሹን 2.70 ላይ ያደርጉታል፣ ከባዱ ይሰጥማል። የተንሳፈፈውን ወስደው 2.62 ላይ ይደግሙታል፣ አሁን የሚሰጥመው ኳርትዙ ነው። ፖታሲየም ያለበትን ፌልድስፓር የፈለገ ሰው ደግሞ 2.58 ላይ ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ሴንትሪፉጅ ውስጥ ሲዞር ቆይቶ ሲወጣ ከላይ ነጣ ያለ ቀለበት፣ ከታች ደግሞ ደለሉ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ መሐሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ያን ሲያዩ ዕለቱ ጥሩ ነው።

ለኬሚስት የምትሆን ነገር ልንገርዎ። ይህን ፈሳሽ በቧንቧ ውሃ ማቅጠን ክልክል ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከታንግስቴቱ ጋር ይያያዝና ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ካርቦኔቱ መጀመሪያ የሚወገድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ፈሳሹ ውድ ስለሆነ የታጠበበት ውሃ አይደፋም፤ ተጣርቶ፣ ውሃው ተኖ፣ ተመልሶ ሥራ ይገባል። በፊት ይሠራበት ከነበረው ብሮሞፎርም ጋር ሲነጻጸር ግን በጣም ይሻላል፣ ያኛው መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ኳርትዝና ፌልድስፓርን ላለመቀላቀል ነው። ፌልድስፓር በብዛት ከኳርትዝ ይልቅ በጣም ይደምቃል። ጥቂት ቅንጣት ሾልካ ከገባች የምንለካው ብርሃን የእሷ ይሆናል። ለዚያውም የራሷ ፖታሲየም ከውስጥ ሆኖ ጨረር ይሰጣታል፣ ስሌቷም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። በቅርቡ የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሥልጠና አለብኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። የግድ ነው እንዴ?

ለኳርትዝ አዎ፣ የግድ ነው እህቴ። መፍራትሽም ልክ ነው፤ የማይፈራ ሰው አጠገብ ቆሜ ባልሠራ እመርጣለሁ።

ይህ አሲድ ተንኮለኛ ነው። ቀጠን ካለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። በዚያ መሐል ግን ወደ ውስጥ እየገባ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ ብዙ ከሆነ ልብን ያውካል። ስለዚህ ብቻሽን አትሠሪም። ወፍራም ጓንት ከቀጭኑ በላይ፣ የፊት መከለያ፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ፊውም ሁዱ (ጭስ መምጠጫው) እየሠራ። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እጅሽ በሚደርስበት ቦታ፣ ያውም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አይተሽ። ቢነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ፣ ጄሉን መቀባት፣ ሆስፒታል መሄድ ነው። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይለኝም» የሚባል ነገር የለም። ዕቃውም ብርጭቆ አይሆንም፣ አሲዱ ብርጭቆውን ራሱን ይበላዋል። ቴፍሎን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው።

ለምን ትለፊያለሽ ታዲያ? ሁለት ነገር በአንዴ ያደርግልሻል። ከክብደት መለያው ያመለጠውን ፌልድስፓር ያጠፋል። ሁለተኛ፣ የኳርትዙን ላይኛ ቆዳ ይልጣል። አልፋ የሚባለው፣ አጭር ርቀት የሚሄደው የጨረር ዓይነት፣ ቅንጣቱ ውስጥ የሚገባው 20 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ላዩ ከተላጠ አብዛኛው የአልፋ ድርሻ አብሮ ይሄዳል፣ ስሌቱም ይቀላል። የተለመደው 40 በመቶ አሲድ ለ40 ደቂቃ ወይም ለ1 ሰዓት ነው፣ ወደ 10 ማይክሮን ይወስዳል። በጣም ይጥራ ብለሽ አታስረዝሚው። አሲዱ ቅንጣቱን ዙሪያውን እኩል አይበላውም፣ ክሪስታሉ ደካማ በሆነበት በኩል ይቦረቡረዋል፣ ምን ያህል እንደተላጠም ማወቅ ያቅትሻል።

ሲያልቅ ፍሎራይድ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ ይሄዳል። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው አይቻለሁ፣ ነጩን ነገር ኳርትዝ መስሎት። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደገና በዚያው ወንፊት ንፊው። የደከመው ፌልድስፓር ተሰባብሮ ስለሚያንስ በታች ያልፋል። ከዚያ ትንሽ ቆንጠር አድርገሽ ማይክሮስኮፕ ሥር እዪው፤ የቅንጣቶቹ ጠርዝ ሰልሎ፣ ገጻቸው በረዶ እንደነካው ብርጭቆ ደብዘዝ ብሎ ታገኚዋለሽ። እውነተኛው ፈተና ግን ማሽኑ ላይ ኢንፍራሬድ ማብራት ነው። ንጹህ ኳርትዝ በክፍሉ ሙቀት ለኢንፍራሬድ አይመልስም። ከመለሰ ፌልድስፓር አለበት። አንዳንዴ ፌልድስፓሩ ኳርትዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይገኛል፣ ያኔ አሲድ አይደርስበትም፣ ሌላ የመለኪያ ዘዴ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ መጀመሪያ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ነው ተብሎ ቆይቶ ከ10 ሺህ በታች ሆነ የሚል አንብቤአለሁ። እንዲህ የሚለዋወጥ ዘዴ እንዴት ይታመናል? (አዲስ አበባ)

የጂንሚየም ነገር መሆን አለበት። ሰሜን አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ አካባቢ ያለ የዓለት መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጥናት የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበትን አሸዋ በሙቀት ዘዴ፣ ማለትም በቴርሞሉሚነሰንስ፣ ለክቶ ከ116 እስከ 176 ሺህ ዓመት አለው አለ። ያ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ አውስትራሊያ የገባበት ታሪክ ተገልብጦ ነበር። ዓለም ተንጫጫ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላ ቡድን ያንኑ ቦታ በብርሃን ዘዴ ለካው። ብዙ ቅንጣት አንድ ላይ ሲለኩ የደለሉ ታች 22 ሺህ ሆነ። ቅንጣት በቅንጣት ሲለኩ ደግሞ ከ10 ሺህ በታች። የከሰሉ የካርቦን ዕድሜም ከዚህኛው ጋር ገጠመ።

ምን ሆኖ ነው? አንዳንዱ ቅንጣት ከመቀበሩ በፊት ፀሐይን በደንብ አላያትም። የድሮ ሲግናሉን እንደያዘ ተቀበረ። እንዲህ ያለ ጥቂት ቅንጣት ከብዙ ጤነኛ ጋር ተደባልቆ ሲለካ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። በዚያ ላይ በሙቀት የሚለካው ሲግናል ፀሐይ ላይ ቶሎ አይራገፍም።

ስለዚህ ዘዴው ተለዋወጠ ከማለት፣ ዘዴው ራሱን አረመ ማለት ይቀርበኛል። እርማቱ ደግሞ ከዝግጅት ጋር የተያያዘ ነው። በተለመደው አሠራር 10 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላት የብረት ዲስክ ላይ ሲሊኮን ዘይት ይረጫል፣ ቅንጣቱ ይነሰነስበታል፣ ያልተጣበቀው ይራገፋል፤ መቶዎች ወይም ሺዎች ቅንጣቶች አንድ ላይ ይለካሉ። ለነጠላ ቅንጣት ግን ዲስኩ በ10 ረድፍ 100 ጉድጓድ አለው፣ የእያንዳንዱ ስፋት 300 ማይክሮን። በቀጭን ብሩሽ አሸዋው ሲጠረግበት በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይገባል። አንድ ብቻ የሚገባው ግን ወንፊቱ በትክክል ከለየው ነው፤ ለዚህ ከ180 እስከ 212 ማይክሮን ይመረጣል። 90 ማይክሮኑን ካስገቡ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ይታጨቅና ነጠላ ቅንጣት ለካሁ ማለት ወሬ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስምጥ ሸለቆአችን ቅሪተ አካል ሞልቶት እያለ ዕድሜው ሁልጊዜ በአርጎን (በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በሚጠራቀመው ጋዝ) የሚወራው ለምንድን ነው? ሉሚነሰንስ አይሠራም? (ሐዋሳ)

ይሠራል፣ ግን እዚያ አካባቢ እንደ ልብ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። የእሳተ ገሞራ ኳርትዝ፣ ከነጭራሹ ከተገኘ፣ ብርሃኑ ደካማ ነው። የእሳተ ገሞራ ፌልድስፓር ደግሞ የያዘውን ኤሌክትሮን ሳይነኩት ቀስ በቀስ ያፈስሳል፤ ይህ ጠባዩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይታወቃል። ባፈሰሰ ቁጥር ዕድሜው ያንሳል። አሁን አሁን መጀመሪያ በኢንፍራሬድ ቀዝቀዝ ባለ ሙቀት አራግፎ፣ ቀጥሎ በ225 ወይም በ290 ዲግሪ ደግሞ መለካት መጥቷል፣ መፍሰሱ በጣም ይቀንሳል። ትንሽ ያጽናናል።

በሌላ በኩል የአመዱ ንብርብር ለአርጎን ምቹ ነው። የኦሞ ኪቢሽ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005፣ 195 ሺህ ዓመት የተባለው በአርጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተያይዞ ቢያንስ 233 ሺህ ሆነ። አፋር ውስጥ የተገኘው የሄርቶ ቅሪተ አካልም 160 ሺህ የተባለው እንዲሁ በአርጎን ነው። እዚያ ቦታ ላይ እኔም ብሆን አርጎንን ነው የምመርጠው። የአሸዋ ድንጋይ ያለበት አገር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ትግራይም ዓባይ ሸለቆም አለ፣ በኳርትዝ የበለጸገ ነው፤ ከእሱ የታጠበ ደለል ለላቡ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ጥቁር አፈር በእጅጉ የተሻለ ተስፋ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አባታችን ሲያርሱ የገንቦ ስባሪ ይወጣል። ስንት ዓመቱ እንደሆነ በዚህ ዘዴ ይታወቃል? (ወሎ)

ይታወቃል። እንዲያውም ዘዴው መጀመሪያ በሰፊው የሠራው ለሸክላ ነው። ገንቦው ሲተኮስ የቀድሞው ሲግናል ተራግፏል፣ የሚለካው ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ነው። ላቡ ውስጥ በቀይ መብራት ላዩ 2 ሚሊሜትር ያህል ይፋቃል፣ ምክንያቱም ብርሃን ነክቶታል፣ ቤታ ጨረርም ከአፈሩ አግኝቷል። መሐሉ ቀስ ተብሎ በሞርሳ ተጨምቆ ይደቅቃል፣ በመዶሻ አይደለም። ዱቄቱ አሴቶን ውስጥ ይበጠበጣል፤ 2 ደቂቃ ቆይቶ ከባዱ ሲወርድ ከላይ ያለው ይቀዳል፣ 20 ደቂቃ ቆይቶ የወረደው ይያዛል። ያ ከ4 እስከ 11 ማይክሮን ያለው ነው፣ ዲስክ ላይ እንዲረጋ ይደረጋል። እንዲህ የደቀቀውን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መላጥ አይቻልም፣ አልቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ አልፋው በስሌት ይገባል።

ግን አባታችሁ ስባሪውን ነቅለው፣ አጥበው፣ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡት ግማሹ መረጃ የለም። ጋማ ጨረር ከዙሪያው 30 ሴንቲሜትር ካለ አፈር ይመጣል፣ ያ አፈር መለካት አለበት። ስለዚህ አዲስ ሲወጣ ባለበት ይሁን፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ፣ ቅርስም ስለሆነ መንገዱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ናሙና ወደ ውጭ አገር ብልክ የኤርፖርት ኤክስሬይ ያበላሸዋል?

በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ናሙና፣ አያበላሸውም። የኤክስሬዩ ጨረር አፈሩ ራሱ ከሰጠው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የሚያስፈራው ፈታሹ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ቱቦውን ሲከፍተው ነው። ሁለቱንም ጫፍ በጥቁር ፕላስቲክና በቴፕ አሽገው፣ ብርሃን እንዳይነካው የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛም ለጥፍ፣ የፈቃድ ደብዳቤውን ኮፒ ካርቶኑ ላይ አድርግ። ቱቦው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በፕላስቲክ ጠቅጥቀህ ሙላው፣ አለዚያ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ብርሃን ያየው የጫፉ አሸዋ ከመሐሉ ጋር ይደባለቃል።